ማንም ያልቀመሰው ድስት

ባለፈው ወር ሽርጤን አጥቤ፣ አጥፌ ለእትዬ ሙኒራ መለስኩ። ሰባት ዓመት ሠርቼ ነው የወጣሁት። ዕድሜዬ ገና ሠላሳ ስላልሞላ “ጡረታ ወጣሁ” ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እኔ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ምላሴ ጡረታ ወጥቷል። አሁን መገናኛ አጠገብ ቀለም መሸጫ ሱቅ ተቀጥሬ ቀለም እቀላቅላለሁ። ማንም አይቀምሰውም። ደስ ይላል።

የወጣሁት ወንድሜ ስለሞተ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገረው፤ ኋላ ላይ ስደርስበት እጄ እንዳይያዝ። ስሙ ታምራት ነው። እኔ ጋሼ ነበር የምለው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር። ክረምቱ ሳይገባ በጉበት ሕመም አረፈ። ከቀብሩ በኋላ እትዬ ሙኒራ የእሱን ቦታ ሰጡኝ፤ ሦስት ወር ሠራሁበት። ሥራው አልከበደኝም። ድስቱ አጠገብ ቆሜ የሆነ ነገር ልነግረው ዞር ስል ግን የለም። በቀን ስንት ጊዜ እንደምዞር ራሴም አላውቅም ነበር። ስለዚህ ወጣሁ። በደህና ነው የወጣሁት፤ ተመርቄ።

እንግዲህ ስለ ሥራው።

የምንሠራው ገርጂ ነበር። ያኔ የገርጂ ግማሹ ሜዳ፣ ግማሹ ደግሞ የተጀመረ ቤት ነው። እትዬ ሙኒራ የስልጤ ሴት ናቸው፤ በግቢያቸው ጀርባ ሦስት የቆርቆሮ ክፍሎች ሠርተው ዳቦ ቆሎና ዳጣ የሚባለውን የሚጥሚጣ ማባያ ያመርቱ ነበር። ሰፈሩ “ፋብሪካው” ይለዋል። ፋብሪካ የሚያሰኘው ነገር አንድ ወፍጮ ብቻ ነው። ሚጥሚጣ በሚፈጭበት ቀን ጎረቤቶች ልብሳቸውን ከገመድ ያነሳሉ፣ በር ይዘጋሉ፣ ልጆች ከውጭ ሆነው እየሳሉ ይሰድቡናል። እትዬ ሙኒራ በየዓመቱ መጨረሻ ለአሥራ አንድ ጎረቤት ዳቦ ቆሎ በሳህን ይልኩ ነበር። ለሳላችሁበት ነው ይሉ ነበር።

ዳቦ ቆሎው ጥሩ ነው። ስማችን የወጣው ግን በዳጣው ነው። በትንንሽ ብልቃጥ እናሽገዋለን፤ ሦስት ዓይነት ነበር። ነጭ ክዳን ያለው “ለእንግዳ” ይባላል፤ ለስላሳው ነው። ቢጫው “ለቤተኛ” ነው። ቀዩ “ለደፋር” ነው። ስሞቹን ያወጡት እትዬ ሙኒራ ራሳቸው ናቸው። ቀዩን የቦሌ ጎረምሶች ቢራ ቤት ይወራረዱበት ነበር፤ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ያለ ውሃ፣ ያለ ዳቦ። አንድ የታክሲ ረዳት ውርርዱን አሸንፎ በማግስቱ ቦሌ መገናኛን በእጁ ምልክት ብቻ ሲጠራ ዋለ ብለው ነግረውናል። አላየሁትም። አምናለሁ ግን።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ጋሼ ነው ያስገባኝ። እሱ ያኔ የዳጣው ኃላፊና ቀማሽ ነበር። በወንድምነት ቀማሽ የምሆን መስሎኝ ነበር። ብልቃጥ አጠባ አስገባኝ። ስምንት ወር ብልቃጥ አጠብኩ። ከዚያ ቅንጠባ፤ የሚጥሚጣውን እንጨት ከፍሬው መለየት። ከዚያ ዳቦ ቆሎ መጥበሻ ከአልማዝ ጋር። አልማዝ ትልቅ ሴት ናት፤ ዘይቱ ፊት ቆማ ሰው ሁሉ ላይ ትቀልዳለች። እኔን “ዲግሪው” ነበር የምትለኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ስላልገባሁ። ደመወዝ በፖስታ ነው፤ እንፈርማለን፣ እንሄዳለን። ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም። በሦስተኛው ዓመት ጋሼ ወደ ድስቱ ጠራኝ።

ጋሼ ብዙ አያስተምርም። ይሠራል፤ አንተ ታያለህ። ግን ልማዶች ነበሩት።

ሚጥሚጣ የነካ እጅ ውሃ አይነካም ይል ነበር። መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ውሃ መጨረሻ። ይህን ረስቼ ዓይኔን ያሸሁበትን ቀን አልማዝ እስካሁን ታወራዋለች። ሽንት ቤት የሄድኩበትን ደግሞ አልጽፈውም።

አዲስ ጆንያ ሲመጣ ከነባሩ ጋር አያቀላቅልም። “አዲስ ጆንያ አዲስ ሰው ነው፤ ሳታውቀው ቤት አታስገባ” ይላል። ከአዲሱ ጆንያ ጥቂት ፍሬ ይፈጭና በዘይት አሽቶ ለብቻው ይቀምሰዋል። መልኩ አንድ ይሆናል፣ ማቃጠሉ ግን እንደ ዝናቡና እንደ መሬቱ ነው። የአንዱ ገበሬ ሚጥሚጣ የሌላውን ሦስት ጊዜ ያህላል። ካወቀው በኋላ የጆንያው አፍ ላይ ክር ያስራል፤ ለብርቱው ቀይ፣ ለደካማው ነጭ።

ዳጣ በጣት አይቀመስም። አንድ ፍሬ ዳቦ ቆሎ ነክረህ ትበላለህ፤ ገዢው እንደዚያ ነዋ የሚበላው። ከዚያ ዝም ትላለህ፤ እስከ ሠላሳ ትቆጥራለህ። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ቶሎ ይመጣሉ፤ ሚጥሚጣው ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የቸኮለ ቀማሽ ሽንኩርቱን ቀምሶ ይሄዳል።

ትልቁ ልማዱ ይህ ነው፤ ቀማሹን አይጠይቅም። “ያቃጥላል?” ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። ቀማሽ ወይ ይኮራል ወይ ይፈራል ይላል። አፍንጫህን ነው የሚያየው። ለነጩ ክዳን አፍንጫ ደረቅ መሆን አለበት። ለቢጫው ጫፉ ላይ ላብ ጤዛ ይመስላል። ለቀዩ ጠብ ማለት አለበት። በመጨረሻው ዓመት ሐኪም ሚጥሚጣ ሲከለክለው እንኳ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የእኔን አፍንጫ እያየ ነበር የሚሠራው። አንድም ድስት አልተበላሸም።

አንድ ድስት የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው። በእኔ ነው የተበላሸው። እሱን ልጻፍ።

ድስቱ ዘንድ በተጠራሁ በዓመቱ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ወደ ጸሎት ቤት ወሰደኝ። አንድ ቀን ሄድኩ፤ ደገምኩ፤ እዚያው ቀረሁ። ጴንጤ ሆንኩ ማለት ነው። ጋሼ ጠንካራ ኦርቶዶክስ ነው፤ ማተቡ ከአንገቱ፣ ጾሙ ከቀኑ አይጎድልም። አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻል ነበር። አባትና እናታችን ሞተዋል፤ ላምበረት አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከዚያ በፊት ከአንድ ሳህን ነበር የምንበላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እሱ ይሠራና የእኔን በሌላ ሳህን አድርጎ፣ ከድኖ፣ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥልኛል። ጉድለት የለበትም፤ እንዲያውም የእኔ ይበዛል። ግን አይናገርም። ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ያዘኛል፣ ያርመኛል፣ አንዳንዴም ይስቃል። ቤት ስንገባ አከራዬ ይመስላል። አምስት ወር እንዲህ ሆነ።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ።

ለፋብሪካው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ረመዳን ሲገባ ነጩ ክዳን ይፈለጋል፤ ሳምቡሳ ሻጮች በሙሉ ለማፍጠሪያ ይወስዱታል። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስለሚጠብሱ ዳጣው እኩለ ቀን ላይ ታሽጎ መውጣት አለበት። በሌላው ጊዜ ሁዳዴ ከሆነ እትዬ ሙኒራ ይቀምሳሉ፤ ረመዳን ከሆነ ጋሼ ይቀምሳል። አሁን ሁለቱም ጾመኛ ሆኑ። አልማዝም ትጾማለች፤ ሌሎቹም ወይ በዚህ ወይ በዚያ ይጾማሉ። በምላስ ነክቶ መትፋት ይቻል እንደሆነ ተነሣ። እትዬ ሙኒራ እምቢ አሉ። ጋሼ ደግሞ ምላስ ከነካ ገባ ማለት ነው አለ።

አልማዝ ናት መፍትሔውን ያገኘችው። “ምን ያስጨንቃችኋል፣ ጴንጤው አለ አይደል?” አለች። ሁሉም ሳቁ። ጋሼ አልሳቀም፤ ግን እሺ አለ። እኔ እቀምሳለሁ፤ እሱ አፍንጫዬን ያያል። በየድስቱ ላይ የምትለጠፍ ወረቀት አለች፤ እሷ ላይ እሱ ይፈርማል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሠራን። አልማዝ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን “ና ብላ፣ ለኛ ኃጢአት የተሠዋኸው” ትለኛለች።

ከዚያ በጸሎት ቤታችን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ታወጀ። ከረቡዕ እስከ ዓርብ፤ ከጧት እስከ ማታ እህል ውሃ የለም። የሚያስተምረን ወንድም የጾመ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ራሱን ተቀብቶ ለማንም ሳይናገር ነው የሚጾመው አለን። የጸለየበትንም እስኪመለስለት ድረስ አይናገርም አለ። እያንዳንዳችን አንድ ነገር እንያዝ ተባለ። ሌሎቹ ሥራ ያዙ፣ ቪዛ ያዙ። እኔ ከጋሼ ጋር እንደገና ከአንድ ሳህን መብላትን ያዝኩ። ትንሽ ነገር ይመስላል ሲጻፍ።

ረቡዕ ቀን የሚቀመስ ድስት አልነበረም። ሐሙስ ነበረ።

ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ዘገየ። ድስቱ የደረሰው ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ጋሼ የሚያስቀድስበት ቀን ነበር። በሁዳዴ ቅዳሴ እኩለ ቀን ላይ ነው የሚገባው፤ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በር በሩን ያያል። በዚያ ላይ ደግሞ የነበረው ጆንያ ድስቱ ሳይሞላ አለቀብኝ። አዲስ ጆንያ ፈታሁ። ክር አልታሰረበትም። ለብቻው መቀመስ እንዳለበት አውቃለሁ። ለመቅመስ ግን ጾሜን መግደፍ ነበረብኝ። ያው ሚጥሚጣ ነው፣ ያው ስፍር ነው አልኩና ጨመርኩት።

ዳቦ ቆሎውን ነከርኩ። ወደ አፌ አስጠጋሁት። ሁለተኛ ቀኔ ነው፤ ሆዴ ባዶ ነው፤ ሽታው ራሱ ዓይኔን ለበለበው። ያንን ልብ ማለት ነበረብኝ። ጋሼ በሩ ላይ ሆኖ ወደ መንገዱ እያየ ነበር። ፍሬውን ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

“እንዴት ነው?” አለኝ ሳይዞር።

ጠይቆ የማያውቅ ሰው ጠየቀኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። እሱ መጣ፣ ወረቀቷ ላይ ፈረመ፣ ሄደ። አልማዝ ድስቱን ወደ ማሸጊያው ወሰደችው። ያን ቀን ነጭ ክዳን ተደርጎለት የወጣው ዳጣ ከቀዩ የሚያንስ አልነበረም።

ውሃ ልጠጣና ልቅመሰው ብዬ ሳላስብ አልቀረሁም። ሦስት ጊዜ አሰብኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብልቃጦቹ ሄደዋል።

ቅዳሜ ጧት እትዬ ሙኒራ ሁለታችንን ጠሩን። ዓርብ ማታ ገርጂ ውስጥ አንድ ደንበኛቸው ቤት ሰው ተጠርቶ ሲያፈጥር፣ የቤቱ አባት ሐጂ ሸምሱ ከቴምሩ ቀጥሎ ሳምቡሳ በነጩ ዳጣ አጥቅሰው በሉ። ሰውየው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ቀኑን ሙሉ በጾም የዋለ ጉሮሮ ነው። ትንፋሽ አጠራቸው፤ ክሊኒክ ወሰዷቸው፤ እዚያ አደሩ። አሁን ቤታቸው ገብተዋል፤ ደህና ናቸው፤ ግን ከውሃና ከአጥሚት በቀር የሚወርድላቸው የለም። እትዬ ሙኒራ ይህን ሲነግሩን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሰውየው በሰፈሩ የተከበሩ ናቸው፤ እትዬ ሙኒራን ለሳምቡሳ ሻጮች ያስተዋወቋቸውም እሳቸው ነበሩ።

ቀምሰህ ነበር ወይ አሉኝ። ቀምሻለሁ አልኩ። አቃጥሎህ ነበር? አላቃጠለኝም አልኩ። ሁለተኛው እውነት ነው።

ጾሙ ትናንት ማታ አልቋል። ለመናገር የሚከለክለኝ የለም። የጸለይኩት ስላልተመለሰ አይነገርም ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት። ምክንያት አልነበረም። ፈርቼ ነው።

ጋሼ “ምላሱ ገና ልጅ ነው፣ ቆሜ ማየት ነበረብኝ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ” አላቸው። እትዬ ሙኒራ እጃቸውን ዘረጉ። የሚጥሚጣው ጆንያ የሚቀመጥበትን ቤት ቁልፍ በገመድ አንገቱ ላይ ነበር የሚያንጠለጥለው፤ ከማተቡ ጋር። አውጥቶ ሰጣቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ መጥበሻው፣ አልማዝ ዘንድ ሄደ። አልማዝ ያን ቀን አልቀለደችም። ለዘጠኝ ዓመት ቀማሽ የነበረ ሰው ሊጥ ሲቆርጥ ማየት ከባድ ነው። እሁድ ቤት ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ያው እንደ ልማዱ ነው፤ እኔ ግን ይህ ሌላ ዝምታ መሰለኝ። ሳህኔ ተከድኖ ተቀምጧል። አልበላሁም። መልሶ ሲያየው አየሁት።

ሰኞ ከሰዓት እትዬ ሙኒራ ሁለታችንን ይዘው ሐጂ ሸምሱ ቤት ይቅርታ ለመጠየቅ ሄዱ። ሽማግሌው ሳሎን ውስጥ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ድምፃቸው ሻክሯል። ይቅርታችንን ሰሙ። ቡናም ሻይም በሌለበት ሰዓት እንግዳ መቀበል እንደሚያሳፍር ተናገሩ። ከዚያ ጋሼን አዩት።

“ዳጣውን የቀመሰው ማነው?”

“እኔ ነኝ አባባ” አለ ጋሼ።

እትዬ ሙኒራ ቀና አሉ። እውነቱ ይህ እንዳልሆነ ያውቃሉ።

ሐጂ ማተቡን አዩ። “የናንተ ጾም ገብቶ የለም እንዴ?”

“ገብቷል።”

“ስንት ሰዓት ላይ ነው የቀመስከው?”

“ስድስት ሰዓት ግድም።”

“እንግዲያ ጾምህን ገድፈህ ነው የቀመስከው።”

“አዎ አባባ።”

ወንድሜን የማያውቅ ሰው ይህ ምን እንደሆነ አይገባውም። በሰባት ዓመቱ ጾም የጀመረ ሰው ነው። ታሞ ተኝቶ ሐኪም ወተት ጠጣ ሲለው ፋሲካ ስንት ቀን ቀረው ብሎ የሚጠይቅ ነው። እና እንግዳ ሰው ፊት፣ አለቃው ፊት፣ ጾሜን ገድፌአለሁ አለ። እኔ እንዳልነካ። ጾመኛ አይደለም ብሎ የሚያስበኝን እኔን።

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“አልቀመሰም” አልኩ።

“ዝም በል” አለኝ ጋሼ።

“አልቀመሰም አባባ። ቀማሹ እኔ ነበርኩ።”

“አንተስ እንዴት አገኘኸው?” አሉ ሐጂ። “አላቃጠለህም?”

“እኔም አልቀመስኩም።”

እትዬ ሙኒራ ዞሩብኝ። ቅዳሜ ምን ብለኸኝ ነበር አሉ። ዋሽቻለሁ አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ጾም ጸሎት ላይ እንደነበርኩ፣ መናገር እንደሌለብን፣ ፍሬውን ኪሴ እንደከተትኩት፣ ጆንያውን ሳላውቀው እንደፈታሁት። ያወራሁት በደንብ አልነበረም፤ አንዱን ሁለት ጊዜ ተናገርኩ። ጋሼን ማየት አልቻልኩም።

“ቆይ” አሉ ሐጂ። “ሙኒራ፣ አንቺ አልቀመስሽም?”

“ጾመኛ ነኛ አባባ።”

“እሱም ጾመኛ ነው። ይሄም ልጅ ጾመኛ ነው።” በሦስት ጣታቸው ቆጠሩ። አራተኛውን ጣታቸውን አነሱና ደረታቸው ላይ አደረጉት። “ስለዚህ ቀማሹ እኔ ነበርኩ።”

ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የታመሙ መስሎኝ ተነሣሁ። እየሳቁ ነው። ሳቁ ጉሮሯቸውን አሳከካቸው፣ ሳሉ፣ እንደገና ሳቁ። እትዬ ሙኒራ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ያዙ፤ እሳቸውም አልቻሉም።

“በሉ ጻፉት” አሉ ሐጂ ዓይናቸውን እየጠረጉ። “በጣም ያቃጥላል።”

ጀምበር ስትጠልቅ አዛን ተሰማ። ቴምርና ውሃ ለሁላችንም አቀረቡልን። ጋሼም እስከዚያች ሰዓት ምንም አልቀመሰም ነበር፤ በልቶ አመሰገናቸው። ሐጂ ሊሰናበቱን እጄን ይዘው አምላክ የሚያየውን ጾም የሰው ጉሮሮ አታስከፍልበት አሉኝ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አስባለሁ።

በሩ ላይ እትዬ ሙኒራ ቁልፉን ከቦርሳቸው አውጥተው ለጋሼ መለሱለት። እኔን ነገ ብልቃጥ ቤት እንደምገባ ነገሩኝ፤ እስክጠራህ ድረስ አሉ። አሥራ አንድ ወር ቆይተው ጠሩኝ። ብልቃጥ ማጠብ መጥፎ ሥራ አይደለም። ያኔ ነው እጄ ከሚጥሚጣ የጠራው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በጾም ወራት ማን እንደሚጾምና እንደማይጾም ጧት ጧት ይጠየቃል፤ በስውር የሚጾምም ለእትዬ ሙኒራ ብቻ በጆሯቸው ይናገራል። ይህ ደንብ እኔ እስከወጣሁ ድረስ ነበር።

ያን ማታ ከገርጂ ታክሲ ስላጣን ወደ ቤት በእግራችን መጣን። መንገዱ ያኔ አቧራ ነው።

“አፍንጫህን አላየሁም” አለ ጋሼ ግማሽ መንገድ ላይ። “ቸኩዬ ነበር። እሱ የኔ ጥፋት ነው። የቀረው ያንተ ነው።”

እሺ አልኩ።

መገናኛ ልንደርስ ስንል “ምን ብለህ ነበር የጾምከው?” አለኝ።

“አይነገርም።”

“ለኔም?”

“ለማንም። እስኪሆን ድረስ።”

“እንዲያ ነው እናንተ ዘንድ?”

“እንዲያ ነው።”

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። እንደ አንድ የሙያ ደንብ ነው የሰማው፤ እንደ ዘይቱና እንደ ሳሙናው።

ቤት ገባን። ልብሱን ሳይቀይር ምድጃ ለኮሰ፣ ሽሮ ጣደ። እኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የሳህን ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሳህን ነው ያወረደው። ሁለተኛውን እስኪያወርድ ጠበቅሁ። አላወረደም። እንጀራውን ዘረጋ፣ ሽሮውን አፈሰሰበት፣ ከበርጩማዎቹ አንዱን በእግሩ ወደ እኔ ገፋው።

“ና” አለ።

መጥቼ ተቀመጥኩ። እጄን ለመዘርጋት ጊዜ ወሰደብኝ።

“ጋሼ፣ አሁን ሊነገር ይችላል” አልኩት።

“አትንገረኝ” አለ ሳያየኝ። “ብላ፤ ይቀዘቅዛል።”

ሽሮው ጨው አልነበረውም። ሁለታችንም አላነሳነውም። ሳህኑ እስኪነጣ ድረስ በላን።